ሦስት ቀን ብቻ የተሰቀለው ቻርጀር

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር መስቀል ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ የዘወትር ሥራ ሆኗል። ከነዚህ ሥራዎች አንዱ በሦስተኛው ቀን ተነቅሎ እንደገና ተሠራ።

ቦታውን የመረጡት የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ከላሜራው በር አጠገብ ያለው የዘበኛ ቤት ግድግዳ። ምርጫቸው ከመሬት ተነሥቶ አልነበረም። መኪናቸው ፎልክስዋገን አይዲ 4 ነው፤ ቻርጅ ማድረጊያው በስተቀኝ፣ ከኋላ ጎማው በላይ ነው። መኪናው ወደ ግቢው በፊቱ ስለሚገባ ኋላው በሩ ዘንድ ይቀራል።

ወጣቱ ሠራተኛ 7 ኪሎዋቱን ቻርጀር ሰቀለና መስመሩን ከሰርቪስ ቤቱ ማከፋፈያ ሳበ። ቅርብ ነዋ፣ አራት ሜትር! ያ ማከፋፈያ ራሱ ግን ከዋናው ቤት 28 ሜትር በመጣ የ4 ሚሊ (ሚሊ ሜትር ካሬ) ሽቦ ነው የሚያገኘው፤ በቱቦ ውስጥ ላለፈ 4 ሚሊ ደግሞ 32 አምፔር ጫፉ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱም የተሰካው እዚያው ሰርቪስ ቤት ነው።

ቻርጀሩ መጀመሪያ ቀይ አበራ፤ ኧርዝ፣ ማለትም ፍሳሽ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደውን መስመር፣ አላገኘሁም ማለቱ ነው። ልጁ ከኒውትራሉ፣ ማለትም ከመመለሻው መስመር፣ አጭር ሽቦ ወደ ኧርዙ መግቢያ አሰረለት። አረንጓዴ በራ። ቀትር ላይ ሃያ ደቂቃ ተሞከረ፣ ሠራ፣ ልጁም ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ማታ እንጀራ ሊጋገር ምጣዱ ተሰካ። የቻርጀሩ 32፣ የምጣዱ 16 ግድም፤ በ32 ብሬከር ላይ 48 አምፔር። ብሬከር እንዲህ ያለውን ትርፍ ወዲያው አይቆርጠውም፣ ደቂቃዎች ይታገሣል። ሲቆርጥ የቤት ሠራተኛዋ መለሰችው፤ ቆረጠ፣ መለሰችው። ከአራተኛው በኋላ የፕላስቲክ ሽታ መጣ። የተቃጠለው ብሬከሩ አይደለም፤ መስመሩ መሀል ላይ ያለው ጁንክሽን ቦክስ (የሽቦ መገጣጠሚያ ሳጥን) ነው፣ ሽቦው በፒንሳ ተጠማዞ በናስትሮ የተጠቀለለበት።

ብሬከር አምፔር ይቆጥራል እንጂ መገጣጠሚያው መጋሉን አያውቅም። 0.1 ኦም ብቻ የላላ መገጣጠሚያ በ32 አምፔር 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፣ አውራ ጣት በምታህል ቦታ። ምጣድ ጋግሮ ይነቀላል፤ 80 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ባትሪ ያለው መኪና ግን ከ20 ወደ 80 በመቶ እስኪደርስ ሰባት ሰዓት ያህል ያለ ዕረፍት ይስባል። የሃያ ደቂቃ ሙከራ ይህን ከየት ያሳያል?

የተጠሩት አንጋፋ ባለሙያ ጁንክሽን ቦክሱን አይተው ወደ ቻርጀሩ ሄዱ፣ ከፈቱት፣ ያቺን አጭር ሽቦ ቆረጧት። «እትዬ፣ ከቃጠሎው ይልቅ ያስደነገጠችኝ ይቺ ናት» አሉ። ኒውትራሉ በዋናው ቤት በኩል ቢበጠስ፣ ያ የተቃጠለ መገጣጠሚያ ደግሞ ሊበጠስ አንድ ሐሙስ የቀረው ነው፣ በዚያች ሽቦ በኩል 220 ቮልት የመኪናው አካል ላይ ይወጣል። በክረምት፣ በእርጥብ መሬት ላይ ባዶ እግሩን ቆሞ በሩን የሚነካ ልጅ ኧርዙ እሱ ይሆናል።

ቀጥሎ ጠመኔ አወጡ። «ግድግዳ ሳንበሳ አንድ ጊዜ በኋላ ማርሽ ያስገቡልኝ።»

«ኋላ ማርሽ እኮ አይሆንልኝም።»

«ቀስ ብለው፤ እኔ እመራዎታለሁ።»

ሁለተኛው ሙከራ ተሳካ። የመኪናው ኋላ ከዋናው ቤት ጥግ ደረሰ፤ ከቻርጅ ማድረጊያው እስከ ግድግዳው ምልክት ሦስት ሜትር አልሞላም፣ አምስት ሜትሩ ኬብል ሳይወጠር ይደርሳል። ከዋናው ማከፋፈያ እስከዚያ 9 ሜትር ነው። መሀሉ ላይ ምንም መገጣጠሚያ የሌለው የ10 ሚሊ መዳብ ሽቦ፣ ለብቻው 40 አምፔር ብሬከር፣ የዲሲ (የቀጥታ ኤሌክትሪክ) ፍሳሽም የሚለይ ኧርዝ ሊኬጅ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ የሚቆርጥ መሣሪያ፣ ገባለት። ቻርጀሩ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ከአሸንዳው አፍ ራቅ ብሎ ተሰቀለ፤ ኬብሉም ዝናቡ ተንጠባጥቦ እንዲቀር ታች ዞሮ ከሥር ገባ። የማድ ቤቱ ግድግዳ የበለጠ ይቀርብ ነበር፣ ግን የጋዝ ሲሊንደሩ የሚቆመው እዚያ ነው።

ቤቱ ባለሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በሦስት መስመር የሚገባለት፣ ስለሆነ ቻርጀሩና ምጣዱ በተለያየ ፌዝ ላይ ሆኑ። ባለአንድ ፌዝ ቢሆን ኖሮ ቻርጀሩን ወደ 16 አምፔር ዝቅ አድርጎ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ማድረግ ነበር።

የቀረው ኧርዙ ነው። ግቢው ዋልካ አፈር ነው፤ ሁለት ባለ1.5 ሜትር ዘንጎች በሦስት ሜትር ርቀት ተተክለው ተያያዙ፣ ልኬቱም ጥሩ ወጣ። ግን ወሩ ነሐሴ ነው፣ መሬቱ ጠግቧል። ዋልካ በበጋ ሲሰነጠቅ ከዘንጉ ይለያል። ባለሙያው ዘንጎቹ ራስ ላይ ክዳን ያለው ጉድጓድ ትተው፣ ለየካቲት ድጋሚ ልኬት ቀጠሮ ይዘዋል።