ታርካታ ላይ ያደርኩበት ሌሊት

ትናንት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከሜልበርን ተነሥቼ ታርካታ ስደርስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ሆኖ ነበር። ታርካታ በሜልበርንና በሲድኒ መካከል፣ ሂዩም በሚባለው አውራ ጎዳና አጋማሽ ላይ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት፤ የረጅም ርቀት ሾፌሮች ተሳቢ የሚለዋወጡት እዚያ ነው፣ በመንገድ ላይ ሕይወታቸው ላለፈ የከባድ መኪና ሾፌሮች መታሰቢያ የቆመውም እዚያው ነው። ሞተሩን አጥፍቼ በስክሪኑ ላይ «ዕረፍት» የሚለውን ስነካ፣ ኤሌክትሮኒክ የሥራ መዝገቡ 5 ሰዓት ከ11 ደቂቃ እንደሠራሁ አሳየኝ። ሕጉ ከ5 ሰዓት ከ15 ደቂቃ በላይ ሳያርፉ መሥራትን ስለሚከለክል የቀረኝ 4 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ሩብ ሰዓት አርፌ ጉዞዬን ብቀጥል ግን ማንም አይጠይቀኝም።

እኔ ግን የነቃሁት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሥራ ስላልነበረኝ መዝገቡ ያንን ሁሉ ዕረፍት ብሎ ቆጥሮልኛል፤ በእውነቱ ግን ገበያ ወጥቼ፣ ለቅሶ ደርሼ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት አምጥቼ ነው የዋልኩት። 17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 አሳይተዋል፤ እኔም ታርካታ ስደርስ ከነቃሁ 17 ሰዓት አልፎኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው መሣሪያውን ለማጣጣል አይደለም። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በፈቃደኝነት የሚሠራበት ሲሆን፣ እኔ ወደ ወረቀት መመለስ አልፈልግም። በወረቀቱ መዝገብ ግቢ ውስጥ መኪና ለማስጠጋት 4 ደቂቃ ብሠራ 15 ደቂቃ ተብሎ ይያዝብኝ ነበር፤ ይኼኛው 4ቱን 4 ይላቸዋል። ከሁሉም በላይ ግን ከውሸት ጠብቆኛል። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ድርጅት፣ መጋዘን በር ላይ ተሰልፌ ጭነት እያራገፍኩ ያሳለፍኩትን 2 ሰዓት «ዕረፍት ብለህ ጻፈው» ተብዬ በገዛ እስክሪብቶዬ ጽፌዋለሁ። በዚያ ሌሊት ያስ በምትባል ከተማ አካባቢ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ፣ ያነቃኝ ጎማው የመንገዱን ጠርዝ ሲረግጥ የተሰማው ጩኸት ነው። እጄ መሪው ላይ እንዳለ ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች እንዴት እንደነዳሁ ግን እስከ ዛሬ አላስታውስም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ ለዓመታት ነድተዋል። «እኔ ደክሞኝ እንደሆነ የማውቀው ረዳቴ ወሬውን ሲተው ነበር» ይሉኛል። እኔ ጋቢና ውስጥ ረዳት የለኝም። አጠገቤ ያለው ስክሪን ሥራዬን በደቂቃ ይቆጥራል እንጂ እንቅልፌን አያውቅም፣ ዓይኔን ስንት ጊዜ እንዳሻሸሁም አያይም። የዚህ አገር ሕግም ቢሆን የሰዓት ገደቡን የጠበቀ ሾፌር ደክሞት እያለ እንዳይነዳ በግልጽ ይከለክላል፤ ብዙዎቻችን ግን ስክሪኑ «ይቻላል» ሲል ሰውነታችንም የተስማማ ይመስለናል።

ስለዚህ ለስምሪት ክፍሉ «ደክሞኛል፣ እዚሁ እተኛለሁ» ብዬ መልእክት ላክሁ፤ መዝገቡ ላይም አስተያየት በሚጻፍበት ቦታ ይህንኑ አሰፈርኩ። ከዚያም መጋረጃውን ስቤ ከመቀመጫው ጀርባ ያለው አልጋ ላይ ጋደም አልኩ። ስነቃ ፀሐይ ወጥታ፣ ከጎኔ ቆመው የነበሩት መኪናዎች ሁሉ ሄደው ነበር። ስክሪኑ 7 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ዕረፍት ይላል፤ ከዚያ ውስጥ ወደ 7 ሰዓት የሚጠጋውን በእውነት ተኝቻለሁ።