ጥርጊያው ላይ የተቀመጠው ወፍ

በአስጎብኚነት ሥራዬ ከሁሉም የሚከብደኝ ብዙ ያነበበ እንግዳ ነው። የዚያን ምሽቱ ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጡ፣ አቅራቢ መነጽራቸው ከአንገታቸው የማይወርድ አንድ አዛውንት ነበሩ። ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ ባለ የጥርጊያ መንገድ በእግር ስንሄድ በእጅ ባትሪዬ ብርሃን ሁለት ቀያይ ዐይኖች ከመሬት አበሩ። ወፉ ከአቧራው ጋር ተመሳስሎ ልጥፍ ብሏል።

«ልጄ፣ እሱ ነው! የነጭ ሳሩ ናይትጃር!» አሉኝ በሹክሹክታ። ናይትጃር ሌሊት ነፍሳት የሚያድን የወፍ ዘር ነው።

ከኋላችን በመኪና የሚከተለን ሾፌር ወረደና «እንዴታ ጋሼ! ራሱ ነው እንጂ» አላቸው። ጉርሻው ከሩቅ ሸቶታል።

የጋሼ ጉጉት ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ መንገድ ላይ የሞተ ናይትጃር አገኙ። ከበድኑ ለጥናት የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ዓለም አዲስ ዝርያ ብሎ የመዘገበው በዚያች ክንፍ ነው። ናይትጃሮች ሌሊት የሚበሩ ነፍሳትን ለማደን ገላጣ መንገድ ላይ መቀመጥ ይወዳሉ፤ መኪና የሚገጫቸውም ለዚሁ ነው።

«ጋሼ፣ ከክንፉ በቀር በእርግጠኝነት የሚታወቅ የለም» አልኳቸው። «ጭራው፣ ደረቱ፣ ድምፁ ምን እንደሚመስል ማን አረጋግጦት? የተቀመጠ ወፍ ደግሞ ክንፉን አጥፎ ነው። መጀመሪያ እዚህ አካባቢ በብዛት ካሉት ናይትጃሮች አንዱ አለመሆኑን እናጣራ።»

ቅር አላቸው። ቢሆንም ካሜራቸውን አዘጋጅተው ጠበቁ። ወፉ ብድግ ሲል ደጋግመው አነሱት፤ ከሥዕሎቹ አንዱ ጥርት ብሎ ወጣ። ወደ ክንፉ ጫፍ ነጭ ምልክት አለው፤ ከጭራው መካከል ሁለቱ ላባዎች ከሌሎቹ ረዘም ብለው ወጥተዋል። ወዲያው ከቁጥቋጦው መሀል፣ ከሩቅ እንደሚሠራ የውኃ መሳቢያ ሞተር፣ ፈጣንና የማይቋረጥ ድምፅ ተሰማ። ክንፉ፣ ጭራውና ድምፁ ሦስቱም ወደ አንድ ወፍ አመለከቱኝ፦ በስምጥ ሸለቆ ግራር መሀል የተለመደው፣ ባለ ቀጭን ጭራው ናይትጃር። ለእኔ ከሦስቱ የሚበልጠው ድምፁ ነው፤ ላባቸው ሁሉ የደረቀ ቅጠል በሚመስል ዘር ውስጥ ዐይን ብቻውን ብዙ አይረዳም።

በማግስቱ የድርጅቱ ኃላፊ ጠራኝ። ሾፌሩ ቀድሞኝ ነግሮታል።

«እሱ ነው ብትላቸው ምን ይጎድልብሃል? ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር።»

«እሳቸው ለጓደኞቻቸው ይነግራሉ፤ ጓደኞቻቸው ከአዲስ አበባ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነድተው መጥተው ያንኑ ወፍ አሳየን ይሉናል። ያን ጊዜ እኔ ነኝ የምጠየቀው ወይስ አንተ?»

አልመለሰልኝም። ንግግራችን ሳያልቅ ጋሼ በሩን አንኳኩ። በዚያው መንገድ ማታ ደግመን እንድንሄድ፣ ድምፁንም በስልካቸው እንዲቀዱ ፈለጉ። ኃላፊው እሺ አለ፤ ሾፌሩ ግን የትርፍ ሰዓት ክፍያው ካልተጻፈልኝ ቁልፍ አልነካም ብሎ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ተጻፈለት።