ሳይቀዘቅዝ

ከጉዞ ተመልሼ ካሜራዬን ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኘሁት ዛሬ ማታ ነው። በሦስት ከተሞች ያነሳኋቸውን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ ሳይ አመሸሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ምስሎች ከሞላ ጎደል የምግብ ናቸው፤ ሳህኑ ሳይነካ፣ ሹካው ተስተካክሎ፣ ከላይ ወደ ታች የተነሱ። ጥርት ብለዋል፣ ቀለማቸውም ያምራል። አንዳቸውም ግን ጣዕሙን አያስታውሱኝም፤ ካሜራዬን አስቀምጬ መብላት ስጀምር ምግቡ ቀዝቅዞ ነበርና። ከሦስተኛው ቀን ወዲህ ያሉት ሌላ ናቸው። የተቆረሰ ዳቦ፣ ግማሹ የተጠጣ ቡና፣ ነጭ ወረቀት ላይ ያረፈ የቀረፋ አሻራ። እነዚህን ሳይ ምራቄን እውጣለሁ።

በመካከሉ የሆነውን ሳልረሳው ልጻፈው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሊዝበን ውስጥ አንዲት ጠባብ ኬክ ቤት ገብቼ ፓስቴል ደ ናታ አዘዝኩ። መዳፍ ላይ የምታርፍ ትንሽ ኬክ ናት፤ ቅርፊቷ እንደ ወረቀት የሳሳ ድርብርብ ሊጥ፣ ውስጧ በእንቁላል አስኳልና በወተት የተሠራ ክሬም፣ ላይዋ እዚህም እዚያም ጠቆር ጠቆር ያለ። ጥቁሩ ነጠብጣብ የጋጋሪው ስሕተት አይደለም። ምድጃው እጅግ መጋል አለበት፤ እንዲያ ሲሆን ላይዋ አረር አረር ይላል፣ ቅርፊቷም ይደርቃል፣ ክሬሙ ግን እንደለሰለሰ ይወጣል። በፖርቱጋል እንዲህ ያሉ ብዙ ጣፋጮች የተወለዱት በገዳማት ነው። የእንቁላሉ ነጭ የመነኮሳቱን ልብስ ለማጠንከሪያ ይውል ስለነበር አስኳሉ ይተርፍ ነበር ይባላል። በቤሌም ሠፈር ከጄሮኒሞስ ገዳም የወጣው አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ እየተጋገረ ይሸጣል።

እኔ ሳህኑን ወደ መስኮቱ እያስጠጋሁ፣ ጥላዬ እንዳያርፍበት ወንበሬን ወዲያና ወዲህ እየገፋሁ ሳለ አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ጣታቸውን ወደ ሳህኔ ቀሰሩ። «ልጄ፣ ይህ እኮ የሚበላው ትኩስ ሳለ ነው» አሉኝ፤ ግማሹን በቃል፣ ግማሹን በእጅ ምልክት። አልጠበቁኝም፤ የቀረፋውን ዕቃ አንስተው ራሳቸው ነሰነሱልኝ። ካሜራዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ገመጥኩ።

ቅርፊቷ ስትሰበር ድምጿን ከውስጥ ሰማሁት። ቀረፋው ከምላሴ ቀድሞ አፍንጫዬ ጋ ደረሰ፤ ክሬሙ ሊያቃጥል ጥቂት ሲቀረው ሞቅ ብሎ ፈሰሰ። አፌ ሥራ ሲይዝ ዓይኔ ነጻ ወጣ። ጠረጴዛው እብነ በረድ መሆኑን፣ ጠርዙም ክንድ በሚያርፍበት በኩል ተበልቶ መለስለሱን ያኔ አየሁ። የአሮጊቲቱን ቀለበት አየሁ። ከኋላቸው ያለውን ሰማያዊና ነጭ የሴራሚክ ግድግዳ አየሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በዚህች ከተማ ስዞር ከሳህኔ ሌላ ያየሁት ጥቂት ነበር። በልቼ ስጨርስ ፍርፋሪውን ፎቶ አነሳሁት። ከዚያ ወዲህ በዚሁ ጸናሁ፤ መጀመሪያ ይበላል።

ከኬክ ቤቱ ወጥቼ ያንን ግድግዳ ተከትዬ ሄድኩ ማለት እችላለሁ፤ ሊዝበን በሴራሚክ የለበሰች ከተማ ናትና። አዙሌዡ ይሉታል። ስሙ ሰማያዊ ከሚለው የፖርቱጋልኛ ቃል የመጣ ይመስላል፤ ምንጩ ግን የተወለወለ ድንጋይ የሚል ትርጉም ያለው የዓረብኛ ቃል ነው። የቤቱን ፊት ማስጌጥ ብቻ አይደለም ሥራው፤ ግድግዳውን ከዝናብና ከእርጥበት ይጠብቃል፣ ጠባቡንም መንገድ ብርሃን ያለብሰዋል። በፎቶግራፍ ግን ያስቸግራል። ፊት ለፊት ቆሞ የሚያነሳው ሰው የሚያገኘው የሰማይ ነጸብራቅ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሲሉ፣ ወይም ግድግዳው ጥላ እስኪያገኝ ሲታገሡ ሰማያዊው ከውስጥ ይወጣል። ያን ጊዜ በእጅ የተሣለ መሆኑም ይታያል፤ የአንዱ ሴራሚክ ቅጠል ከጎረቤቱ ግንድ ጋር አይገጥምም፣ መስመሩ ትንሽ ዘሎ ይቀጥላል። ከሁሉ አብልጬ የወደድኳቸው እነዚያን ያልገጠሙ ቦታዎች ነው። የሠዓሊው እጅ እዚያ አለ።

በድሮው የማድሬ ደ ዴውሽ ገዳም ውስጥ ያለውን የአዙሌዡ ብሔራዊ ሙዚየም ሳላይ ብመለስ ኖሮ ይቆጨኝ ነበር። እዚያ 23 ሜትር ያህል የሚረዝም አንድ የሴራሚክ ሥዕል አለ፤ ሊዝበንን ከወንዙ በኩል ያሳያል። የተሠራው በ1700 ገደማ ነው። በ1755 የመሬት መንቀጥቀጡ፣ ማዕበሉና እሳቱ ተከታትለው ከተማዋን አወደሟት። በሥዕሉ ላይ ያለው የንጉሡ ቤተ መንግሥት የለም፤ ከአጠገቡ ካሉት ቤቶችም ብዙዎቹ የሉም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያልኩ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ጀልባዎች፣ በሮች፣ ደረጃዎች፣ ከኮረብታው ላይ የተደራረቡ መስኮቶች። ያ ሠዓሊ ከተማዋ እንደምትፈርስ አያውቅም ነበር፤ ይሁንና አንዲት መስኮት እንኳ ችላ አላለም። ለአንድ ቦታ ያለ ፍቅር እንዲህ በትዕግሥት ሲገለጥ ሌላ ቦታ አላየሁም። በካሜራዬ ልይዘው ሞከርኩ፤ በአንድ ፍሬም የሚገባ አይደለም። የያዝኩት አንድ መስኮት ብቻ ነው፣ አራት ሴራሚኮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለ።

የእግረኛው መንገድም የእጅ ሥራ ነው። ነጭ የኖራ ድንጋይና ጥቁር ድንጋይ በትንንሹ እየተጠረበ ይነጠፋል፤ ሞገድ፣ ኮከብ፣ መርከብ ይሠሩበታል። አንድ ጥግ ላይ ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ ሆኖ የሚያነጥፍ ሰው አገኘሁ። ድንጋዩን በግራ መዳፉ ይዞ በትንሽ መዶሻ አንዴ ይመታል፣ ያገላብጠዋል፣ አንዴ ይደግማል፣ ከዚያ አሸዋው ላይ ያስቀምጠዋል። አይለካም፤ መዳፉ ነው መለኪያው። ከተማዋ ሙያው እንዳይጠፋ እ.ኤ.አ. በ1986 ትምህርት ቤት ከፍታለታለች። ፈቃዱን በምልክት ጠይቄ ፊቱን ትቼ እጆቹን ብቻ አነሳሁ። ይህን ሁሉ እየወደድኩት አንድ እውነት አልደብቅም፤ ዝናብ ሲዘንብ ያ መንገድ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ቁልቁለቱን ለሚወርዱ አረጋውያንም ክፉ ነው። ውብ ንድፍ ለእግርም ሊያስብ ይገባዋል።

ባርሴሎና ውስጥ የቆየሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው። የከተማ ንድፍ አውጪው ኢልዴፎንስ ሰርዳ በ1859 ባወጣው ንድፍ በተሠራው ሠፈር የየሕንጻው ማዕዘን ሰያፍ የተቆረጠ ስለሆነ መንገድ በተገናኘ ቁጥር ሰማዩ ይሰፋል፤ ፎቶ አንሺ የሚፈልገው ብርሃን ሁሉ እዚያ ነው። በፓሴች ደ ግራሲያ ጎዳና ላይ ደግሞ አርክቴክቱ ጋውዲ የነደፈው ባለ ስድስት ጎን ንጣፍ አለ። በአንዱ ላይ የባሕር ፍጥረቶቹና አረሞቹ ሙሉ አይሆኑም፤ ሥዕሉ የሚሞላው ሰባት ንጣፎች ሲገጣጠሙ ነው። ተንበርክኬ በጣቴ ተከተልኩት። ምሳዬ የተጠበሰ ዳቦ ነበር፤ ቲማቲም ለሁለት ተቆርጦ ይታሸበታል፣ ዘይትና ጨው ይጨመርበታል፣ አለቀ። በልቼ ስጨርስ ሳህኑ ላይ የቀረውን የቲማቲም ልጣጭ አነሳሁት፤ ከዚያች ከተማ ካመጣኋቸው ምስሎች ሁሉ እሱን እመርጣለሁ።

ኢስታንቡል ስደርስ መቀመጥ ለምጄ ነበር። የኦቶማኑ አርክቴክት ሲናን የሠራውን የሩስተም ፓሻ መስጊድ አየሁ፤ ከገበያው ሱቆች በላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ሰው በጠባብ ደረጃ ከሁካታው ወደ ጸጥታው ይወጣል። በኢዝኒክ ከተማ የተሠሩት ሴራሚኮቹ ቀይ ቀለም ከሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ ያበጠ ነው፤ ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት ይታወቃል። ሰዎች ይሰግዱ ስለነበር ካሜራዬን ከቦርሳው አላወጣሁም፤ አልቆጨኝም።

የመጨረሻው ምስል የመርከቡ ነው። ከኤሚኖኑ ሠፈር ተነስቶ ማዶ ወዳለው ካዲኮይ የሚሻገረው መርከብ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ለአንድ ሲሚትና ለአንድ ሻይ የሚበቃ ጊዜ ነው። ሲሚቱ ሰሊጥ የለበሰ ቀለበት ዳቦ ነው፣ ከመጋገሩ በፊት ከወይን ፍሬ በተሠራ ሽሮፕ የተነከረ። ሻዩ የሚቀርበው ወገቡ ቀጠን ባለ፣ ጆሮ በሌለው ትንሽ ብርጭቆ ነው። ያንን ብርጭቆ ሳገላብጠው ቆየሁ። ከሥሩ ያቃጥላል፣ በአፉ ጠርዝ በኩል ግን በሁለት ጣት ይያዛል። ግልጽ መስታወት ስለሆነ የሻዩ ቅላት ከመጠጣቱ በፊት ይለያል። ወገቡ መቅጠኑ ለጣት ማረፊያ ይሰጣል። ማንም ሳያስረዳኝ እጄ ራሱ ተረዳው፤ ጥሩ ንድፍ ለእኔ ይህ ነው።

እንፋሎት በካሜራ የሚታየው ብርሃኑ ከጀርባው ሲመጣ፣ ከጀርባውም ጨለም ያለ ነገር ሲኖር ነው። ፀሐይዋ በትክክለኛው ቦታ ነበረች፣ የማዶው ዳርቻም ጠቁሯል። ካሜራዬ አጠገቤ ነበር። ሻዩን ግን ጠጣሁት፤ ትኩስ ነበር፣ ጠንካራ ነበር፣ የሲሚቱን ሰሊጥ ከጥርሴ መካከል አጠበልኝ። ፉት ብዬ ስጨርስ መርከቡ ወደቡን ነክቶ ተንገጫገጨ፣ ሻይ አሳላፊውም ብርጭቆውን ከነማስቀመጫው ሰብስቦ ሄደ። በእንጨቱ አግዳሚ ላይ የማስቀመጫው እርጥብ ክብ ቀርቷል፣ አጠገቡም ሦስት የሰሊጥ ፍሬዎች። ሰዎች ለመውረድ ሲነሡ እኔ ጎንበስ ብዬ ሳይደርቅ አነሳሁት።