ከ«ዶ» ወደ «ዱ»፦ የስፓኒሽ ኃላፊ ጊዜ፣ ሰባተኛ ሳምንት

የምሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ ብዙዎቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ናቸው። ስፓኒሽ የጀመርኩት ከእነሱ ጋር በደንብ ለማውራት ነው። ሰሞኑን ያስቸገረኝ ኃላፊ ጊዜ ነው፤ በተለይ መሀላቸው ላይ ድምፅ የሚቀይሩት ግሦች።

«ቦልቤር» መመለስ ነው። «ይመለሳል» ሲባል «ቡዌልቤ» ይሆናል። እኔ ያንኑ ለውጥ ይዤ «ተመለሰ» ለማለት «ቡዌልቢዮ» እል ነበር። ትክክሉ «ቦልቢዮ» ነው። በ«አር» እና በ«ኤር» የሚያልቁት፣ እንደ «ፖዴር» (መቻል) ካሉ ጥቂት አፈንጋጮች በቀር፣ ኃላፊ ላይ ለውጡን ይተዉታል። የሚለወጡት በ«ኢር» የሚያልቁት ናቸው፤ ያውም በእሱ፣ በእሷና በእነሱ ብቻ።

ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ስናገር ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ። አንድ ማታ ግሦቹን በራሳችን ፊደል ጻፍኳቸው። ዶርሚር (መተኛት)፣ ዱርሚዮ። ሞሪር፣ ሙሪዮ። ፔዲር (ማዘዝ)፣ ፒዲዮ። ሴርቢር (ማገልገል)፣ ሲርቢዮ። ያኔ በራልኝ! ሳብዑ ካዕብ ይሆናል፣ ኃምሱ ሣልስ። በቃ። ይሄን ደግሞ አፋችን ከልጅነት ጀምሮ ያውቀዋል፦ «ቆመ» ብለን «ቁም»፣ «ሄደ» ብለን «ሂድ» እንላለን። «ሞሪር» ራሱ መሞት ነው፤ የእኛም «ሞተ» «ሙት» ይሆናል። ቋንቋዎቹ አይዛመዱም፣ ለውጡ የሚመጣበትም ቦታ ይለያያል። ጆሮዬ ግን ለመደው።

ረዘም ባሉት ላይ ተጠንቀቁ። «ፕሬፌሪር» «ፕሬፊሪዮ» ነው የሚሆነው፣ «ፕሪፌሪዮ» አይባልም። የሚለወጠው ከመድረሻው አጠገብ ያለው ፊደል ነው።

ደብተሬንም ቀየርኩት። የእኛ መዝገበ ቃላት «ተኛ»፣ «አዘዘ» እያለ በእሱ ኃላፊ ነው የሚጀምረው። እኔም እያንዳንዱን ግሥ በዚያው ጀመርኩ፦ መጀመሪያ «ፒዲዮ»፣ ከዚያ «ፔዲ»፣ አዘዝኩ። አስቸጋሪው ቀድሞ ሲያዝ ሌላው ቀላል ነው። ደግሞ «ፒዲዮ» ኩሽናችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። «ኬ ፒዲዮ ላ ሴይስ?» ስድስት ቁጥር ጠረጴዛ ምን አዘዘ?

አንድ ነገር ልጨምር። «ኡስቴድ» የእኛ «እርስዎ» ነው። እኛ «እርስዎ መጡ» ስንል ግሡ «እነሱ መጡ» ከሚለው ጋር አንድ ነው። በስፓኒሽ ደግሞ «ኡስቴድ» የእሱንና የእሷን ግሥ ይወስዳል። ስለዚህ ትልቅ ሰው ስታናግሩ ለውጡ አይቀርም።

ሐሙስ ጠዋት ሽንኩርት እየከተፍን፣ አጠገቤ ያሉትን ትልቅ ሴት «ዱርሚዮ ቢየን?» አልኳቸው። እንቅልፍ እንዴት ነበር ማለቴ ነው። ቢላቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። «ሲ፣ ዶርሚ ቢየን» አሉኝ። እኔ በ«ዱ» ጠየቅሁ፣ እሳቸው በ«ዶ» መለሱ።