የሩቅ ቅርንጫፍ ራውተርን ትራፊክ ከዋናው ቢሮ መከታተል፦ ኢአርስፓንን እንዴት አዋቀርኩት

ራውተሩ ሌላ ከተማ፣ ዋየርሻርክ (ፓኬቶችን ይዞ የሚመረምር ፕሮግራም) የተጫነበት ሰርቨር ዋናው ቢሮ ሲሆን ተራው ስፓን (የአንድን ፖርት ትራፊክ ቀድቶ ወደ ሌላ ፖርት የሚልክ ዘዴ) አይጠቅምም፤ ቅጂውን የሚያወጣው በዚያው መሣሪያ ፖርት ብቻ ነው። አርስፓን ቅጂውን በልዩ ቪላን (በስዊቾች ላይ የተለየ ምናባዊ ኔትወርክ) ወደ ሌላ ስዊች ያደርሳል፤ ሆኖም በመሃል ያሉት ስዊቾች ሁሉ ቪላኑን ማሳለፍ አለባቸው። ስለዚህ የመረጥኩት ኢአርስፓንን ነው፤ ቅጂውን በጂአርኢ (አንድን ፓኬት በሌላ የአይፒ ፓኬት ውስጥ የሚያሽግ ፕሮቶኮል) ጠቅልሎ እንደማንኛውም የአይፒ ፓኬት ይልከዋል።

በሲስኮ አይኦኤስ ኤክስኢ ላይ «ሞኒተር ሴሽን 1 ታይፕ ኢአርስፓን-ሶርስ» ብዬ ጀመርኩ። በሶርስ ኢንተርፌስ ቦታ የላኑን (የቅርንጫፉን የውስጥ ኔትወርክ) ፖርት ሰጠሁ። ዴስቲኔሽን ውስጥ ገብቼ ኢአርስፓን-አይዲውን 101 አደረግኩ (የሴሽኑ መለያ ቁጥር ነው፤ ከ1 እስከ 1023 ይፈቀዳል)፣ አይፒ አድሬሱን የሰርቨሩን 10.20.0.50፣ ኦሪጅኑን ደግሞ የራውተሩን ሉፕባክ (ምናባዊ ኢንተርፌስ) 10.10.0.1 አልኩት። አዲስ ሴሽን ሲፈጠር ዝግ ስለሆነ «ኖ ሻትዳውን» ካልተጻፈ አንድም ፓኬት አይወጣም። ሁሉም ትክክል ሆኖ ሰርቨሩ ጸጥ ካለ መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ነው። ቀጥሎ ፋየርዎሉ፦ ጂአርኢ የአይፒ ፕሮቶኮል ቁጥር 47 ነው፤ የቲሲፒ ወይም የዩዲፒ ፖርት 47 መክፈት ፋይዳ የለውም። ተቀባይ ሌላ ራውተር አያስፈልግም፣ ዋየርሻርክ ጥቅሉን ራሱ ይፈታዋል።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ኤምቲዩ (መስመሩ ሳይከፋፍል የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) ነው። ሙሉ የኤተርኔት ፍሬም 1514 ባይት ነው። በላዩ 8 የኢአርስፓን፣ 8 የጂአርኢ፣ 20 የአይፒ ራስጌ ሲጨመር 1550 ይሆናል፤ የቪላን ታግ ካለው 1554። መንገዱ 1500 ብቻ ከሆነ ትልልቆቹ ቅጂዎች ሊቀሩ ይችላሉ፣ ዲኤንኤስና የቲሲፒ ማረጋገጫዎች ግን ይደርሳሉ። ዋየርሻርክ «የቀደመው ሰግመንት አልተያዘም» እያለ ይሞላል፤ ተመልካቹም የጠፋው ቅጂው ብቻ ሆኖ ሳለ ኔትወርኩ ፓኬት የሚጥል ይመስለዋል። የመስመሩን ኤምቲዩ ወደ 1600 ማሳደግ ይሻላል። አቅራቢው ካልፈቀደ፣ ፓኬቱን ቆርጠው የሚልኩ ሞዴሎች አሉ፤ ራስጌ ብቻ ለሚመረምር ይበቃል።

የላኑን ፖርት የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቅጂው በዋኑ (ከቅርንጫፉ ወደ ውጭ በሚወስደው ፖርት) በኩል ስለሚወጣ ዋኑን ራሱን ብንቀዳ ቅጂው ዳግም ሊቀዳ ይችላል። ሁለቱንም ፖርት መቅዳትም አይመከርም፤ አንዱ ፓኬት ሁለቴ ስለሚመጣ ዋየርሻርክ የድጋሚ ስርጭት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል።

አቅምም ይታሰብ። የ1 ጊጋቢት ፖርት በሁለቱም አቅጣጫ ሲቀዳ እስከ 2 ጊጋቢት ያመነጫል። በቅርንጫፉ ሠራተኞቹ 30 ሜጋቢት ቢጠቀሙ፣ ቅጂው ከ30 በላይ ሆኖ በዚያው መስመር ይወጣል፤ የሚወጣውም በሰቀላው በኩል ስለሆነ ሚዛናዊ ያልሆነ መስመር ቶሎ ይጨናነቃል። በኪውኦኤስ (ለትራፊክ ቅድሚያ በሚሰጠው ቅንብር) ዝቅተኛውን ደረጃ ሰጥቼዋለሁ፣ ሲጨናነቅ መጀመሪያ የሚወድቀው ቅጂው እንዲሆን።

ጂአርኢ ምስጠራ የለውም። በሕዝብ ኢንተርኔት የሚያልፍ ከሆነ በአይፒሴክ (ትራፊክን በሚያመሰጥር ፕሮቶኮል) ዋሻ ውስጥ ይግባ፣ የኤምቲዩውም ሒሳብ እንደገና ይሠራ።