የአምናን ቁጥር ሳይሆን የዘንድሮን ኳስ መግዛት

ዋሽንግተን አካባቢ መኖር ከጀመርኩ በኋላ ከቤዝቦል ጋር ያስተዋወቀኝ የመኪናዬ ሬዲዮ ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ የከተማዋን ቡድን የናሽናልስን ጨዋታ ከመሐሉ እይዘዋለሁ፤ ቤቴ የምደርሰው ብዙውን ጊዜ ከዘጠኙ ዙሮች (ኢኒንግ ከሚባሉት) ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ላይ፣ ጨዋታውን የከፈተው ጀማሪ ወርዋሪ ደክሞ ኳሱን ለተተኪዎቹ በሚያስረክብበት ሰዓት ነው። መኪናዬን አቁሜ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ እንኳ ሳልወርድ የቆየሁባቸው ማታዎች ብዙ ናቸው። ስለ ቡልፔን አጥብቄ ማሰብ የጀመርኩትም በዚያን ጊዜ ነው።

ቡልፔን ሲባል ተተኪ ወርዋሪዎች የሚያሟሙቁበት የታጠረ ቦታም፣ ወርዋሪዎቹ ራሳቸውም ናቸው። አንድ ቡድን ካሉት 26 ተጫዋቾች ውስጥ ስምንት ያህሉ ለዚህ ሥራ የተመደቡ ናቸው። አንድ ቀን ስታዲየም ገብቼ ከቡልፔኑ በላይ ያለውን ብረት ተደግፌ ለረጅም ጊዜ ተመለከትኳቸው። ስልኩ ጮኸ፣ አሰልጣኙ አንስቶ አንድ ስም ጠራ፣ የተጠራውም ሰው ጃኬቱን አግዳሚው ላይ ትቶ ተነሣ። መጀመሪያ ቀስ እያለ ወረወረ፤ ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው ኳስ ላይ ሲደርስ ግን ጓንቱ ውስጥ የሚያርፈው ኳስ ድምፅ ተለወጠ፣ እንደ ደረቅ እንጨት ስንጥቅ ሆነ። ቀጥ ብሎ ሲመጣ የነበረው ስላይደር የሚሉት ተጣፊ ኳስ ተቀባዩ ዘንድ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የተገፋ ያህል ወደ ጎን ታጠፈ። ቡድኖች ጨዋታ በማይኖርበት የክረምት ዕረፍት መግዛት ያለባቸው ይህንን ኳስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብዙዎቹ ግን የሚገዙት ወርዋሪው አምና ያስመዘገበውን ቁጥር ነው።

ለዚህ ከራሳችን ቡድን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ናሽናልስ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የቡልፔኑ ኢ.አር.ኤ. 5.66 ነበር። ይህ ቁጥር ወርዋሪዎቹ በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደሚቆጠርባቸው የሚያሳይ ስለሆነ ሲያንስ ይሻላል፤ 5.66 ደግሞ ለሻምፒዮን ቀርቶ ለመካከለኛ ቡድንም የሚያሳፍር ነው። በዚያው ዓመት ስምንተኛውን ኢኒንግ እንዲይዝ በ7 ሚሊዮን ዶላር የተቀጠረው ትሬቨር ሮዘንታል፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎቹ አንድም መቺ ሳያስወጣ ከሜዳ ወጣ፤ ሰኔ ላይም ተሰናበተ። በአንጻሩ በሂውስተን በተደረገው የመጨረሻ የፍጻሜ ጨዋታ የመጨረሻውን መቺ አስወጥቶ ጓንቱን ወደ ሰማይ የወረወረው ዳንኤል ሃድሰን፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የሎስ አንጀለሱ ቡድን ኤንጀልስ ያሰናበተው፣ ቶሮንቶ የተቀበለችው፣ በሐምሌ የመጨረሻ ቀን ደግሞ ወደ እኛ የተላከ ሰው ነበር።

ከዚያ ድል በኋላ በመጡት የብርድ ወራት ቡድኑ ሁለት ዓይነት ግዢ ፈጸመ። አንደኛው ሁሉም ያጨበጨበለት ነው፦ በ2019 ኢ.አር.ኤ.ው 1.50 የነበረው የሂውስተኑ ዊል ሃሪስ በሦስት ዓመት 24 ሚሊዮን ዶላር ተፈረመ። በሰባተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ሃዊ ኬንድሪክ የሜዳውን ጠርዝ ምሰሶ የመታውን ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳ የሚያስወጣ ምት) ያስቆጠረበት ሰው መሆኑን ብዙዎች ያስታውሳሉ። ሃሪስ ያን ጊዜ 35 ዓመቱ ነበር። በሦስቱ ዓመታት ውስጥ የወረወረው 28 ጨዋታ ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ሕመምና ቀዶ ሕክምና ወሰዱት። ሃድሰንም በሁለት ዓመት 11 ሚሊዮን ዶላር ተመልሶ፣ በ2020 ኢ.አር.ኤ.ው ወደ 6.10 ወጣ።

ሁለተኛው ግዢ በጋዜጣ ጥግ ላይ በአንድ መስመር የታለፈ ነው። ካይል ፊኔጋን ከ2013 ጀምሮ በኦክላንድ ቡድን ሥር ባሉ ታችኛ ሊጎች ሲመላለስ የቆየ፣ በዋናው ሊግ አንድ ቀን እንኳ ያልወረወረ ሰው ነበር። ታኅሣሥ ላይ ፈረመ፤ ሃድሰንና ብራድ ሃንድ በ2021 ሐምሌ ሲሸጡ ዘጠነኛውን ኢኒንግ ተረከበ፤ በ2024 ደግሞ 38 ጨዋታዎችን ዘግቶ (የቡድኑን መሪነት እስከ መጨረሻ ጠብቆ) ለከዋክብት ጨዋታ ተመረጠ። በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቢሮ የተፈረሙ ሁለት ውሎች ናቸው።

ይህን ዕድል ብቻ ነው የሚል ሰው ሒሳቡን ቢያየው ደስ ይለኛል። አንድ ተተኪ ወርዋሪ በዓመት የሚወረውረው 60 ኢኒንግ ያህል ነው። በእነዚህ ኢኒንጎች 20 ነጥብ ከተቆጠረበት ኢ.አር.ኤ.ው 3.00 ይሆናል፤ ሁሉም ይፈልገዋል። በሁለት ክፉ ማታዎች ብቻ አራት አራት ነጥብ ቢጨመርበት 28 ነጥብ ሆኖ ኢ.አር.ኤ.ው 4.20 ይደርሳል፤ ዋጋውም ይወድቃል። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ማታ ነው፤ ለዚያ ልዩነት የሦስት ዓመት ደመወዝ መክፈል ግን እጅግ ከባድ ነው። ታናር ሬይኒ በ2020 ኢ.አር.ኤ.ው 2.66 ነበር፣ በቀጣዩ ዓመት 7.39 ሆነ። ምንም እንከን የሌለበት ወርዋሪም ቢሆን ክንድና ጉልበት ያለው ሰው ነው፦ የኒውዮርኩ ሜትስ ለኤድዊን ዲያዝ በአምስት ዓመት 102 ሚሊዮን ዶላር ከፈረሙለት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2023 መጋቢት ለፖርቶ ሪኮ ተሰልፎ ድሉን ሲያከብር የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ የዓመቱን ጨዋታ ሁሉ አጣ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ የማየው ፍጥነትን፣ የኳሱን ሽክርክሪትና መታጠፍ፣ መቺዎች ምን ያህል ጊዜ ባዶ አየር እንደሚመቱ ነው፤ እነዚህ ከነጥብ ይልቅ ቶሎ ስለሚረጋጉ በጥቂት ኢኒንግም ቢሆን ስለ ሰውየው እውነቱን ይናገራሉ። ታምፓ ቤይ በዚህ መንገድ ከማንም በላይ ተጠቅሟል። ሌሎች የተዉትን ሰው አምጥቶ፣ ጥሩ የሆነውን ኳስ አብዝቶ እንዲወረውርና ጠርዝ ጠርዙን ከመፈለግ ይልቅ ወደ መሐል እንዲያነጣጥር ይነግረዋል። ጄሰን አዳም በ2022 እዚያ ሄዶ ዓመቱን በ1.56 ኢ.አር.ኤ. ጨረሰ።

ሁለተኛው ምንጭ ጀማሪ መሆን ያቃታቸው ወርዋሪዎች ናቸው። ሦስት ጊዜ ከአንድ መቺ ጋር ለመፋጠጥ አራት ዓይነት ኳስ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ኢኒንግ ሁለት ይበቃሉ፣ ጉልበትን መቆጠብም የለም። ማሪያኖ ሪቬራ ራሱ በ1995 ጀማሪ ነበር። ሀንተር ሃርቪም በ2013 በዓመታዊው የወጣት ተጫዋቾች ምርጫ በባልቲሞር በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ጀማሪ ነበር፤ ጉዳት ደጋግሞ ካጠቃው በኋላ በ2022 መጋቢት ናሽናልስ ከተሰናባቾች ዝርዝር ላይ ያለ ምንም ልውውጥ ወሰዱት። በ2024 ሐምሌ ካንሳስ ሲቲ እሱን ለማግኘት አንድ ወጣት ተጫዋችና በዚያው የወጣቶች ምርጫ 39ኛ ሆኖ የመምረጥ ዕድሉን ሰጠ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ጉዳይ፣ ወደ ታችኛው ሊግ ሊወርዱና ሊመለሱ የሚችሉ ወርዋሪዎች ብዛት ነው። ሦስት ቀን በተከታታይ የወረወረ ክንድ አራተኛ ቀን ማረፍ አለበት፤ የሚተካው ትኩስ ሰው ከሌለ አሰልጣኙ የደከመውን ይልካል፣ ጨዋታውም በዚያ ይሄዳል። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ አንድ ተተኪ ቢያንስ ሦስት መቺዎችን መግጠም ወይም ኢኒንጉን መጨረስ ስላለበት፣ ለአንድ ግራኝ መቺ ብቻ የሚጠራ ግራኝ ወርዋሪን ማስቀመጥ ቦታ ማባከን ሆኗል።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን በችኮላ የሚደረግ ልውውጥ ነው። በ2017 ሐምሌ ቡልፔኑ ሲፈርስ ናሽናልስ ሾን ዱሊትልንና ራያን ማድሰንን ከኦክላንድ አመጡ፤ በምትኩ ብሌክ ትራይነንን፣ ሄሱስ ሉዛርዶንና ሼልደን ኑሲን ሰጡ። ዱሊትል ጥሩ አገልግሏል፣ በዚህ አልጸጸትም። ነገር ግን ትራይነን በቀጣዩ ዓመት 38 ጨዋታ ዘግቶ በ0.78 ጨረሰ። ኳሱ እኛ ጋ በነበረ ጊዜም ያው ከባድ ኳስ ነበር። ልውውጡን ሐምሌ ላይ ያስገደደን በብርዱ ወራት ርካሽ ክንዶችን ሳንሰበስብ መቅረታችን ነው።

ስለዚህ የካቲት ላይ ወርዋሪዎች ወደ ዌስት ፓልም ቢች ለልምምድ ሲሄዱ የትልቁን ፈራሚ ዜና ትቼ፣ በቡድኑ ዝርዝር ውስጥ ቦታ ሳይኖራቸው የተጋበዙትን ወርዋሪዎች ዝርዝር ፈልጌ አነባለሁ፤ ከእያንዳንዱም ስም አጠገብ ዕድሜውን፣ ፈጣን ኳሱ የሚደርስበትን ፍጥነትና ከዚህ በፊት ጀማሪ መሆን አለመሆኑን እጽፋለሁ።