ካርቶን፣ ፎይልና 10 ዋት

ዛሬ እኩለ ቀን ላይ በ10 ዋቷ የፀሐይ ፓነሌ ግራና ቀኝ ካርቶን አቁሜ ብርሃን ወደ ፓነሏ እንዲመልሱ በአሉሚኒየም ፎይል ለበጥኳቸው። ወደ ውጭ ጋደል ሳደርጋቸው በመልቲሜትሩ (በኤሌክትሪክ መለኪያው) ላይ 0.5 የነበረው አምፔር 0.65 ደረሰ። ቮልቴጁ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ብርሃን ሲበዛ በዋናነት የሚያድገው ከረንቱ (በአምፔር የሚለካው የኤሌክትሪክ ፍሰት) ነውና።

ደስታዬ ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ፓነሏ እንደ ምጣድ ጋለች፣ ቮልቴጁም ቀስ በቀስ ወረደ። የሲሊከን ሴል (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የፓነል ክፍል) ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ከኃይሉ 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል። ይባስ ብሎ አንዱ ካርቶን ዘምሞ አንዲት ሴል ላይ ጥላ ጣለ፤ ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ናቸውና የአንዷ ድክመት ሁሉንም ጎተተ። (የእኔ አናጢነት ነገር!) ነገ ከጀርባዋ አየር እንዲያልፍ ከፍ አድርጌ አቆማታለሁ።